ትራስ ነው ወይስ ተሸካሚ?

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሞተር ሆድ ዕቃ እንጽፋለን ስንል የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መሣቃቸው አይቀርም። ይሣቁ፤ ሣቅ አይከለከልም። ነገር ግን እኛ ወደዚህ ጉዳይ የገባነው በራሳችን በር፣ ማለትም በቃል በር ነው። የጋራዥ ሠራተኛውም፣ በእንጨት ጋሪ ቁልቁለቱን የሚንደረደረው የሰፈር ልጅም «ኩሽኔታ» ይላሉ። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጓሜው «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። እንግሊዞች ደግሞ ይህንኑ ዕቃ «ተሸካሚ» ብለው ሰየሙት። ለመሆኑ ማን ልክ ነው?

ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ነገሩን እንመርምር። የሚሽከረከር ዘንግ ሁሉ የማይሽከረከር ደጋፊ ያስፈልገዋል። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ ፍትጊያ አለ፤ ፍትጊያ ሙቀትን ይወልዳል፤ ሁለቱም ተባብረው ብረቱን ይበሉታል። ይህን ጠላት የሰው ልጅ በሁለት መንገድ ተዋጋው፤ አንደኛው ማንሸራተት፣ ሁለተኛው ማንከባለል ነው።

የማንሸራተቱ ዘዴ መካኒኮቻችን «ብሮንዚን» የሚሉት ነው። ከዘንጉ ይልቅ ለስላሳ ከሆነ ማዕድን የተሠራ እጅጌ መሰል ቁራጭ ነው፤ ኳስ የለው፣ ጥርስ የለው። ምሥጢሩ ያለው በዘይቱ ላይ ነው። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፤ እዚያ የተጨናነቀው ዘይት ግፊት ፈጥሮ ዘንጉን ያነሣዋል፤ ብረትና ብረትም አይነካኩም። እንግሊዛዊው ቢቻም ታወር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1883 ይህን ሲፈትን በደጋፊው አናት ላይ ቀዳዳ ቢበሳ ዘይቱ ሽቅብ ፈለቀ፤ በቡሽ ቢደፍነው ቡሹን፣ በእንጨት ቢደፍነው እንጨቱን አስፈነጠረው። ምክንያቱን በ1886 በሒሳብ ያስረዳው ኦስቦርን ሬይኖልድስ ነው። ሞተር ገና ሲነሣ ይበልጥ የሚጎዳውም ይህ የዘይት ፍራሽ እስኪነጠፍ ድረስ ስለሆነ ነው።

የማንከባለሉ ዘዴ በሁለት ቀለበቶች መካከል የተደረደሩ የብረት ኳሶች ናቸው፤ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ማቀፊያ ይለያያቸዋል። ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው በ1794 ይህን መሰል ዘዴ ለሠረገላ አስመዝግቧል። ኳስ ቀለበቱን የሚነካው በነጥብ ስለሆነ ለፍጥነት ይመቻል፤ የከዘራ ቁራጭ የመሰለው ሮለር ግን የሚነካው በመሥመር ስለሆነ ከባድ ሸክም ይችላል። ሠረገላ ሠሪው ሄንሪ ቲምከን በ1898 ያስመዘገበው ሾጣጣ ሮለር ከላይ የሚጫነውንም ከጎን የሚገፋውንም ስለሚችል በመኪና ጎማ ውስጥ ይገኛል። በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ስቬን ቪንግክቪስት ደግሞ፣ መሬቱ እየሰመጠ ዘንጉ ቢጣመምበት፣ በ1907 ከጥመቱ ጋር ራሱን የሚያስማማ ኩሽኔታ አወጣ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን ይረባዋል? ከመካከላችን በአንዱ የትውልድ ቀበሌ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ኩሽኔታው ተሰበረና ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ አንድ ጎረምሳ ወደ ከተማ ተላከ። በአሮጌው ቀለበት ላይ የተጻፈው 6308 ነበር፤ እርሱ ግን 6208 ይዞ ተመለሰ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በአምስት ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት ይነግራሉ፤ 08 ማለት 40 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ዘንጉ ልክ ገባ። ሁለተኛው አኃዝ ግን ከውጭው ቀለበት ልክ ጋር የተያያዘ ነው፤ የተፈለገው 90፣ የመጣው 80 ሚሊሜትር ሆነና በማቀፊያ ቤቱ ውስጥ ተንቀዋለለ። በአንዲት አኃዝ ምክንያት እናቶች እህል በጀርባቸው አዝለው አራት ቀን ወንዝ ተሻገሩ። ኩሽኔታው ያልተሸከመውን እነርሱ ተሸከሙት።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ዘንግ በዘይት ላይ ሲተኛ ጣልያኑ ልክ ነው፤ ኳስና ሮለር ሸክሙን ሲቀበሉ እንግሊዙ ልክ ነው። ከስም ክርክር የሚበልጥ ነገር ግን አለ። ነገ አስተማሪ፣ ዳኛ ወይም የወረዳ አስተዳዳሪ ስንሆን የመሣሪያ መግዣ ወረቀት በፊታችን ይቀርባል፤ የምንፈርመውም እኛው ነን። ግእዝ ለማንበብ የደከመ ሰው አራት አኃዝ ማንበብ አይከብደውም። ስለዚህ የኢንጂነሪንግ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ሣቃችሁን ስትጨርሱ በሳምንት አንድ ማታ ዎርክሾፓችሁን ክፈቱልን፤ እኛም በለውጡ የሪፖርታችሁን ሰዋስው እናርማለን።