ሽንኩርት የሌለበት ግቢ

ናይሮቢ ውስጥ ያደግኩበት ግቢ በር ላይ ሥጋ፣ እንቁላልና አልኮል ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ነበር። ሽንኩርትን አይጠቅስም። የሽንኩርቱን ነገር እማዬ ኩሽና ከገባች በኋላ ነው የተረዳችው።

ግቢው የጄይኖች ነው። ጄይኒዝም ከህንድ የመጣ ጥንታዊ ሃይማኖት ነው (ሂንዱ አይደሉም፤ ይሄን ለሰው ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ!)። ናይሮቢ ያሉት አብዛኞቹ ከጉጃራት የመጡ ነጋዴዎች የልጅ ልጆች ናቸው። መቅደስ፣ የሠርግ አዳራሽ፣ ትልቅ ኩሽና፣ ለልጆች የእሁድ ትምህርት ክፍል፣ ከጀርባ ደግሞ የሠራተኞች መኖሪያ ክፍሎች ነበሩ። እማዬ ኩሽና ትሠራ ስለነበር ከ4 እስከ 13 ዓመቴ ከነዚያ ክፍሎች በአንዱ ኖረናል።

ጥብቅ የሆኑት ጄይኖች ከመሬት በታች የሚበቅል ነገር አይበሉም፤ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። ሥሩን ስትነቅለው ተክሉ በሙሉ ይሞታል፣ ደግሞም በአንድ ድንች ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነፍሳት አሉ ብለው ያምናሉ። ማርም ክልክል ነው። ወተት ግን ይጠጣሉ። እማዬ ይሄን መቼም ልትቀበለው አልቻለችም። «ወተት እየጠጡ ሽንኩርት ይጾማሉ!» ትላለች። በሽንኩርት ፋንታ ሂንግ የሚባል ቅመም ቆንጠር አድርገው የጋለ ዘይት ውስጥ ይጨምራሉ፤ ሽታው መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ከዚያ ይለመዳል።

አሁን ዶሮ ወጥን አስቡት። ሽንኩርቱ ክልክል፣ ዶሮው ክልክል፣ እንቁላሉ ክልክል። ቅቤው ብቻ ነው የሚያልፈው። 55 ቀን ጾመን ፋሲካን የምንፈስከው ኢስሊ ዘመድ ቤት ሄደን ነበር።

እሁድ እሁድ የጄይን ልጆች ሲማሩ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። አስተማሪዋ አንድ ቀን በእጃቸው ጠሩኝ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ውጪ አላለኝም። ናቭካር የሚባለውን ጸሎታቸውን በቃሌ ያዝኩት። የአንድም አምላክ ስም የለበትም፤ ነፃ ለወጡት፣ ለመምህራኑ፣ ለመነኮሳቱ ሁሉ እጅ መንሻ ነው። ሰሃን እያጠብኩ ሳዜመው እማዬ ከኋላዬ «አንቺ ልጅ፣ አማትቢ!» ትለኛለች። አማትቤ እቀጥላለሁ።

ትልቁ በዓላቸው ፓርዩሻን ነው፤ 8 ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከፍልሰታ ብዙም ሳይርቅ ይመጣል። አንዳንዶቹ 8ቱንም ቀን ከተፈላ ውሃ በቀር ምንም አይቀምሱም፤ ውሃውንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚጠጡት። ፍልሰታን ጾማ የጨረሰችው እማዬ ይሄን ስታይ የወተቱን ነገር ትንሽ ረሳችው።

የመጨረሻው ቀን የይቅርታ ቀን ነው። እጃቸውን አጋጥመው «ሚቻሚ ዱካዳም» ይባባላሉ፤ ያደረግኩት ክፉ ሁሉ ከንቱ ይሁን እንደማለት ነው። በማወቅም ባለማወቅም፣ በሐሳብም በቃልም፣ ለሕያው ፍጥረት ሁሉ።

13 ዓመት በሞላኝ ክረምት ኮሚቴው የሠራተኛ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ እንዳይኖር ወሰነ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለነበር ለእማዬ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ውጡ ይላል። በመሃል ፓርዩሻን ገባ። በዓሉ ባለቀ ማግስት፣ ጿሚዎቹ የሚፈቱበትን ምግብ ስናዘጋጅ፣ ደብዳቤው ላይ የፈረሙት ሰውዬ ኩሽና ገቡና በየሠራተኛው ፊት እጃቸውን እያጋጠሙ ጎንበስ አሉ። እማዬ ጭልፋ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«ምንድነው የሚሉት?»

«ይቅርታ እየጠየቁሽ ነው።»

«ስለ ቤቱ?»

«አይ፣ ስለ ሁሉም።»

«ሁሉም ማለት?»

ምን ብዬ ልተርጉምላት? ትንሽ አሰበችና «ይቅር ለእግዚአብሔር በያቸው» አለችኝ። ሰውዬው ደስ ብሏቸው ሄዱ። በሳምንቱ ኢስሊ አንድ ክፍል ተከራየን፤ እማዬ በሁለት ማታቱ ትመላለስ ጀመር።

አሁን ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ማንኛውንም ስህተት በአንድ «ካች» የሚውጥ ኮድ ሳይ እኚያ ሰውዬ ትዝ ይሉኛል። ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ምን እንደተበላሸ ግን ማንም አያውቅም። ግን ሥርዓቱን መውቀስ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ሌላም አይቻለሁ። እዚያው ግቢ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ «ባ» እንላቸዋለን፣ አያት ማለት ነው። በየዓመቱ ኩሽና መጥተው ያንኑ ቃል ይሉና በተሰባበረ ስዋሂሊ ይቀጥላሉ፦ ስለ ሩዙ የጮህኩብሽ ቀን፣ ልጅሽን ከደረጃው ያስነሳሁ ቀን። ቆጥረው ነው የሚመጡት። እማዬ እሳቸው ፊት ታለቅስ ነበር።

ባ ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዋትሳፕ «ሚቻሚ ዱካዳም» ትልክልናለች። ጊዜው ብዙውን ጊዜ እንቁጣጣሽ አካባቢ ስለሚሆን፣ እማዬ ከአዲስ አበባ የአደይ አበባ ፎቶ ትመልስላታለች። ሂንግ ሲያልቅባትም ከናይሮቢ የሚመጣ ሰው ትፈልጋለች። ምስር ወጡ ላይ ትነሰንሰዋለች፤ ሽንኩርቱን ግን አትተውም።