የእንቁላሉ ቅርፊትና የሰጠነው ምክር

የዚህን ወር ጽሑፋችንን ስለ ዶሮ መኖ ማድረጋችን ያስገርማችሁ ይሆናል። እኛንም አስገርሞናል። ይሁን እንጂ የምንጽፈው የዶሮ ርቢ አዋቂ ስለሆንን ሳይሆን፣ አዋቂ የሆንን መስሎን የሰው ንብረት ስላጠፋን ነው።

የምንኖረው ዳንግላ ነው፤ የምናስተምረው ኬሚስትሪ። በልጅነታችን ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ስላደግን፣ የሰፈራችን ሰው ደብዳቤ ሊያስነብብም፣ ለልጁ ስም ሊመርጥም፣ የላሙን በሽታ ሊጠይቅም ወደ እኛ ይመጣል። ለመምህር ደግሞ «አላውቅም» ከማለት የሚከብድ ነገር የለም፤ በተለይ ጠያቂው የሚያከብረው ሰው ሲሆን።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣ ባላቸው ሞቶባቸው አራት ልጆች የሚያሳድጉ ጎረቤታችን ቤታችን መጡ። እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። የቤታቸው ወጪ ግማሹ የሚሸፈነው ከእንቁላል ሽያጭ ነው። ስድስት ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች፣ አራት የሐበሻ ዶሮዎች፣ አንድ አውራ እና የሁለት ወር ዕድሜ ያላቸው ዘጠኝ ቄቦች ነበሯቸው፤ ሁሉም በአንድ ቤት አድረው ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ትልቁ ልጃቸው እንቁላሉን በጭድ በተነጠፈ ቅርጫት ለሻይ ቤቶች ያደርሳል። በዚያ ሰሞን ግን ግማሹ መንገድ ላይ ይሰነጠቅ ጀመር። አንዳንዱማ ቅርፊቱ ከመሳሳቱ የተነሳ ጣት ሲነካው ይሰረጉዳል። አንዲት ባለ ሻይ ቤት ቅርጫቱን እንዳለ መልሳ ላከችው። «መምህር፣ እስቲ አንተ የተማርከው ልጄ፣ ምን ላድርጋቸው?» አሉን።

ደስ አለን ማለት ይቀለናል። ነገሩ የእኛው ትምህርት ነው! ቅርፊቱ ቢመዘን 5 ወይም 6 ግራም ነው፤ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። በውስጡም 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ዶሮዋ ይህን ቅርፊት ለመሥራት 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል፤ አብዛኛውን የምትሠራውም ሌሊት፣ እኛ ተኝተን ሳለ ነው። ሱብሓነላህ! በቆሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ ግን ከመቶ ግራም በቆሎ የምታገኘው ካልሲየም የአንድ ግራም አስረኛ እንኳ አይሞላም። የጎደለውን ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ትሞላዋለች፤ አጥንቷ ሲሟጠጥ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ እግሯም ይዝላል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነውና ጉድለቱ ቶሎ አይታይባትም። በየቀኑ ለመጣል የተመረጠችው ቦቫንስ ናት አስቀድማ የምትጎዳው።

በዚህ ላይ የእኛ አገር አለ። የአዊ ዝናብ ለዘመናት ካልሲየሙን ከአፈሩ እያጠበ ስለወሰደው መሬታችን አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬው በማሳው ላይ ኖራ የሚበትነውም ለዚሁ ነው። ድንጋያችን ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁርና ቀይ ድንጋይ እንጂ ኖራ አይደለም። ዶሮ የምትለቅመው ጠጠር እህሉን በመቋደሻዋ ለመፍጨት ያገለግላታል፤ ቅርፊት ግን አይሆንላትም። ክረምቱም ፀሐይ ይነሳል። ፀሐይ ከሌለ ቫይታሚን ዲ ይጎድላል፤ ቫይታሚን ዲ ሲጎድል ደግሞ የተበላው ካልሲየም እንኳ በደንብ ወደ ደም አይገባም።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ተነተንንላቸው። ከዚያም «የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ገዝተው ለሁሉም ይስጡ» አልናቸው። በመኖው ውስጥ ከመቶ 3.5 እስከ 4 እጅ ካልሲየም እንዳለ እናውቅ ነበር። ያላወቅነው፣ ወይም ለመጠየቅ ያልፈለግነው፣ «ለሁሉም» የምትለዋን ቃል ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እንቁላሉ ጠነከረ። ምርቃቱ ዘነበልን። መስከረም ሲጠባ ግን ከቄቦቹ አንዷ ክንፏን ጥላ ቆመች፤ ኩሷ ነጭና ውሃማ ሆነ፤ በአራተኛው ቀን ሞተች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ፈንግል ነው» አለ፤ እኛም አልን። ፈንግል ግን ቤቱን በአንድ ሳምንት ይጠርገው ነበር፤ ትልልቆቹ ደግሞ ደህና ነበሩ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አምስት ሞተው ነበር፤ እንቁላል ሊጀምሩ ጥቂት ሲቀራቸው።

አምስተኛዋን በፌስታል ይዘን እንጅባራ ለሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወሰድናት። ከፍቶ አሳየን። ኩላሊቷ አብጧል፤ ልቧና ጉበቷ የጠመኔ ብናኝ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። «ምን ነበር የምትበላው?» አለን። ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ እጁን ታጠበና እንዲህ ሲል አስረዳን፦ ገና እንቁላል ያልጀመረች ቄብ ከመቶ 1 እጅ ያህል ካልሲየም ይበቃታል። የጣዮቹን መኖ ለሳምንታት ከበላች ትርፉን ኩላሊቷ ሊያስወግደው ይታገላል፤ በመጨረሻ ይደክማል። አውራውም ያ ሁሉ ካልሲየም አያስፈልገውም፤ ግን ትልቅ ስለሆነ ችሎታል።

ከእንጅባራ ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ያሰብነው ኬሚስትሪ አልነበረም። መድረሳ ሳለን ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ተምረን ነበር። ያኔ ለፈተና ሸምድደነው አልፈናል።

በዚያው ምሽት ሄደን ለእትዬ እውነቱን ነገርናቸው፤ የአምስቱን ዋጋ እንደምንከፍልም። «ልጄ፣ ቀደር ነው፤ አንተ በክፋት አላደረግኸው» አሉ። እኛ አንቀበልም አልን፤ እሳቸውም እንዲሁ። ሻይ ሁለት ጊዜ ተቀዳ። በመጨረሻ «እንግዲያው ሁለቷ በእኔ ቀደር፣ ሦስቷ በአንተ ስህተት ትሁን» ብለው ፈረዱ። ኅዳር ላይ ሦስት ቄቦች ገዝተን አስረከብን።

ከዚያ ወዲህ የባለሙያውን ምክር ነው የምንከተለው። በአንድ ገበታ ለሚበሉ ድብልቅ ዶሮዎች ሁሉ የሚሰጠው የታዳጊ ዶሮ መኖ ነው፤ ከእህል፣ ከፍሩሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር። ካልሲየሙ ለብቻው በሳጥን ይቀርባል። ሳጥኑ በትልቅ ዶሮ ጀርባ ቁመት ይሰቀላል፤ ትንንሾቹ አይደርሱበትም። የምትጥለዋ ዶሮ ስትፈልግ ራሷ ሄዳ ትለቅማለች፤ በተለይ ወደ ማታ። ሳጥኑን ከዐሱር በኋላ መሙላት ጥሩ ነው፤ ሌሊቱን ቅርፊት ስትሠራ በሆዷ እንዲኖር። ዱቄት ከሆነ ቶሎ ያልፋል፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህለው ግን በመቋደሻዋ ቆይቶ ቀስ እያለ ይሟሟል።

በሌላው ዓለም ለዚህ የባሕር ዛጎል ይጠቀማሉ። ባሕር ለራቀን ለእኛ ያለን የተሰባበረ የኖራ ድንጋይና ራሱ የእንቁላሉ ቅርፊት ነው። የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለማወቅ ሎሚ ይጨመቅበት፤ አረፋ ካወጣ ነው፤ የሰፈራችን ጥቁር ድንጋይ ግን ዝም ይላል። ግድግዳ የሚቀባውን፣ ውሃ ሲነካው የሚግለውን የተቃጠለ ኖራ ግን አደራ! አፍና አንጀት ያቃጥላል። ቅርፊት ከሆነ ታጥቦ፣ በምጣድ ታምሶ፣ እንቁላል መሆኑ እስኪጠፋ ይሰባበራል፤ አለዚያ ዶሮዋ የራሷን እንቁላል መብላት ትማራለች። ቅርጫቱን የመለሰችው ባለ ሻይ ቤት ዛሬ ለእትዬ ልጅ ባዶውን ቅርፊት በፌስታል ሰብስባ ትሰጠዋለች።

እነዚያ ሦስት ቄቦች በጥር 2015 ዓ.ም. መጣል ጀመሩ። አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ ልጁ እየሮጠ መጣ፤ በመዳፉ የያዘው ቅርፊት የሌለው፣ እንደ ፊኛ የሚለሰልስ እንቁላል ነበር። «እማዬ ምን እናድርግ ብላለች» አለ። ዓይኑን እያየን «አናውቅም» አልነው። እሱ ፊት እንጅባራ ደወልን። ባለሙያው ሳቀ፤ ጀማሪ ቄብ መጀመሪያ ላይ አንዳንዴ እንዲህ እንደምታደርግ፣ ምንም ሳንነካ አንድ ሳምንት እንድንጠብቅ ነገረን። ልጁ በስድስተኛው ቀን መጣና እንቁላሉን ከጠረጴዛችን ጠርዝ ጋር ቀስ አድርጎ አንኳኳው።