የተቃጠለው ፊልም



በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ አረጋዊ መምህራችን ፎቶግራፍ ማንሣትንና ፊልም ማጠብን አስተማሩኝ። ያወረሱኝን ካሜራ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ባለ 36 ፊልም የሚጎርስ፣ ያነሣውን ወዲያው የማያሳይ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ጊዜ ወደ ጂዳ በተጓዝኩበት ወቅት ይህንኑ ካሜራ ይዤ ነበር።

የጥንቷ ጂዳ እምብርት አል-ባላድ ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሰፈር ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ረጃጅም ቤቶች ይገኙበታል። በቤቶቹ ፊት ሮሻን የሚባሉ፣ በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈኑ መስኮቶች ወደ መንገዱ ወጣ ብለው ይታያሉ። ሮሻን ነፋስ ያስገባል፤ በውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ራሱ ሳይታይ መንገዱን እንዲያይ ያስችለዋል። የቤተ ሰቡ ገመና በእንጨት የተጠበቀ ነው ማለት ይቻላል።

ያን ቀን ከናሲፍ ቤት ጀምሬ ወደ ባብ መካ ሳዘግም ከሃያ በላይ ፎቶግራፎች አንሥቼ ነበር። በአንድ ጠባብ መንገድ ከአንድ ሮሻን ሥር ከባድ ፌስታል የያዘች ወጣት ቆማ አየሁ። ነጠላዋን ያጣፋችበት ሁኔታ የአገሬ ልጅ መሆኗን ነገረኝ። ብርሃኑ ያማረ ነበርና ሳልጠይቃት አነሣኋት። የካሜራውን ድምፅ ሰምታ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ አነሡኝ እንዴ?»

በማፈር ፈንታ ራሴን መከላከል ጀመርኩ። «ፊትሽ ጥላ ውስጥ ነው፣ አይታወቅም» አልኳት።

«በጥላዬም የሚያውቀኝ ሰው አለ። ወረቀት የለኝም። እባክዎ ያጥፉልኝ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። በስልክ የተነሣ ቢሆን አንዱን ለይቶ ማጥፋት ይቻላል። ፊልም ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱን ለማጥፋት ሁሉንም ማቃጠል ያስፈልጋል። አስረዳኋት። እርስዋም ምንም ሳትመልስ ቆማ ጠበቀችኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ቅጽበት የማስበው ስለ እርስዋ ሳይሆን በናሲፍ ቤት ስላነሣኋቸው ፎቶግራፎች ነበር። ሮሻኑ በቤት ላሉት የሰጠውን ከለላ መንገድ ላይ የቆመችው ይህች ልጅ አላገኘችም፤ እኔም ልነፍጋት እያመነታሁ ነበር። በመጨረሻ የካሜራውን ጀርባ ከፍቼ ፊልሙን በፀሐይ ብርሃን ላይ ጎተትኩት።

«ሁሉም ጠፋ?» አለችኝ።

«ሁሉም።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ካህን መሆኔን ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ግራና ቀኝ ተመልክታ የክርስትና ስሟን በሹክሹክታ ነገረችኝና ፌስታሏን አንሥታ ሄደች።

ከተመለስኩ በኋላ በዚያው ምድር ስለተነሡ የቀድሞ ፎቶግራፎች አነበብኩ። ሆላንዳዊው ምሁር ክሪስቲያን ስኑክ ሁርግሮንየ እ.ኤ.አ. በ1884 ጂዳ ደርሶ በተከታዩ ዓመት መካ ገባ። በመካ ያስተናገደው አብድ አል-ጋፋር የተባለ ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም የከተማዋንና የተሳላሚዎቿን ፎቶግራፎች እያነሣ ላከለት፤ ምሁሩ ሲያሳትማቸው ግን ከብዙዎቹ ላይ የሐኪሙ ፊርማ እንዲጠፋ ተደረገ። በስብስቡ ውስጥ አንድ የመካ ነጋዴ ከሰርካሲያዊ ባሪያው ጋር የታየበት ምስልም አለ። ያ ባሪያ ለዓለም የተላለፈው በባርነቱ ብቻ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ከምስሉ ጋር አልተጻፈም። በዚያ ዘመን ከአገራችን በምጽዋ በኩል ተጭነው በጂዳ የተሸጡ ብዙ ወገኖቻችን እንደነበሩም አንዘንጋ።

ይህን ስል ፎቶግራፍን ለመኰነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ መከራቸውን ዓለም ያየው በምስሎች ነው። የመንገድ ፎቶግራፍ የሚያልፈውን ሕይወት ይይዛል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚነሣው ፎቶግራፍ ሁለት ሰዎችን ያገናኛል፤ ለታሪክ የሚነሣው ደግሞ ምስክር ይሆናል። ሦስቱም መልካም ናቸው። ሆኖም የሚታየው ሰው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ መሆኑ ከተረሳ፣ ሦስቱም ከባለቤቱ ሳይፈቀድ የተወሰደ ንብረት ይሆናሉ።

በፍኖተ መስቀል ስድስተኛው ምዕራፍ ቅድስት ቬሮኒካን እናስባለን። ታሪኳ በወንጌል ባይጻፍም የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጠብቆታል። ቬሮኒካ የጌታን መልክ ለመውሰድ አልቀረበችም። ላቡንና ደሙን ልታብስለት ቀረበች፤ መልኩንም በጨርቋ ላይ እርሱ ራሱ ተወላት። በእኔና በእርስዋ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ እኔ ካሜራዬን አስቀደምኩ፣ እርስዋ ጨርቋን።

ዛሬ በእያንዳንዳችን እጅ ስልክ አለ። በስደት ቤቶች፣ በአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ አንዳንድ ጊዜም በሕመም አልጋ አጠገብ የወገኖቻችንን እንባ በቀላሉ እንቀርጻለን። አስቀድመን እንጠይቅ፦ ይህች እኅቴ እንዲህ እንድትታይ ትፈቅዳለችን? ምስሉ ለእርስዋ ይጠቅማታል ወይስ ለእኔ? ከመቅረጼ በፊት ውኃ ሰጥቻታለሁን?

የተቃጠለውን ፊልም አልጣልኩትም፤ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከአል-ባላድ አንድም ፎቶግራፍ የለኝም። የልጅቱንም መልክ፣ ዓመታት ሲያልፉ፣ እየረሳሁት ነው። ስሟን ግን አልረሳሁም። በቅዳሴ ስለ ሕያዋን በምንጸልይበት ጊዜ በልቤ እጠራዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም፤ አደራ ነውና።

እግዚአብሔር በመንገድ ያላችሁትን ሁሉ ይጠብቅ። አሜን።