ከመተሐራ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣች እንግዳ

አንባቢ ሆይ፥ ደብረ ብርሃንን በኅዳር ወር አይተሃት ታውቃለህን? ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘህ ስትደርስ በመጀመሪያ የሚቀበልህ ብርዷ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2840 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሜዳ ላይ የተዘረጋች ስለሆነች ከነፋሱ የሚጋርዳት የለም። ማለዳ በሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ታየዋለህ፤ ጋሪ የሚጎትተውም ፈረስ ከአፍንጫው እንፋሎት እያወጣ ያልፋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቈረቈሯት ይህች ከተማ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም ለመምህርነት ተመድቤ እንደ መጣሁ አስቀድሜ የገዛሁት ዕቃ ብርድ ልብስ ነበር። ስለ ብርድ ልብስ የማወራህ በከንቱ አይደለም፤ ታሪኬ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነውና።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር አንዱ ተማሪዬ የጫማ ካርቶን ታቅፎ ወደ ሳይንስ ክፍላችን ገባ። በውስጡ ከእጅ መዳፍ ያነሰች የየብስ ኤሊ ነበረች። ታላቅ ወንድሙ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳልና መተሐራ አጠገብ ከመንገድ ዳር ልጆች ገዝቶ አምጥቶለታል። ቢጫው ቅርፊቷ በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጐረጐረ ነው፤ ሊቃውንቱም ስለዚህ ይህን ዘር በነብር ስም ይጠሩታል። ወንድ ትሁን ሴት በዚያ ዕድሜ አይለይም፤ ልጆቹ ግን እንደ ሴት ቈጥረው «ቀስ በቀስ» ብለው ሰየሟት።

ካርቶኑን በሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀምጠን ጥቅል ጎመንና ዳቦ ሰጠናት። በሦስተኛው ቀን መብላት ተወች። በአምስተኛው ቀን ዐይኖቿን ጨፈነች፤ ከአፍንጫዋም ፈሳሽ ይወርድ ጀመር። ልጆቹ «በርዷታል» ቢሉኝ «እንግዲያው አልብሷት» አልኋቸው። አንዲት ተማሪ ከቤቷ የብርድ ልብስ ቍራጭ አምጥታ ጠቀለለቻት። በማግስቱ ስገልጣት እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዛ አገኘኋት።

ወደ እንስሳት ሐኪም ይዣት ሮጥሁ። ሐኪሙ ገና እንዳያት «ማን ነው የጠቀለላት?» አለ። «እኔ ነኝ ያዘዝሁት» አልሁ። «ምን ያስተምራሉ?» ሲለኝ «ሳይንስ» ብዬ መመለስ እንዴት እንዳሳፈረኝ አንተው ገምተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ሰው ከሚበላው ምግብ በገዛ ሰውነቱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ብርድ ልብሱ ያን ይጠብቅለታል። ኤሊ ግን ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ፥ ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ነው። እኛ ጠቅልለን የጠበቅንላት ብርዷን ነበር። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የበላችውን መፍጨት አይችልም። ሐኪሙ በመድኃኒትና በአምፖል ሙቀት ሊያስታምማት ከእርሱ ዘንድ አስቀራትና «የመጣችበትን አገር ሳያውቁ ቤት ሊሠሩላት አይችሉም» አለኝ። ይህ ቃል ከልቤ ገባ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን ቴርሞሜትር በኪሴ ይዤ ወደ መተሐራ ጕዞ ጀመርሁ።

በአዲስ አበባ በኩል አድርጌ አዳማ አደርሁ፤ በማግስቱም በወለንጪቲ በኩል ወደ ቆላው ወረድሁ። መንገዱ ዝቅ ባለ ቍጥር ተሳፋሪው መጀመሪያ ጋቢውን፥ ቀጥሎ ኮቱን፥ በመጨረሻም ሹራቡን ያወልቃል። መተሐራ ስደርስ ከ1800 ሜትር በላይ ወርጄ ነበር። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ በዚያ ይታያል፤ በአጠገቡ ከፈንታሌ ተራራ እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ እንደ ታረሰ መሬት ተገለባብጦ ተኝቷል። ከከተማው ወዲያ ሸንኮራ አገዳው ይለመልማል፤ ከዚያም ወዲያ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በግራር ጥላ ሥር የከረዩ አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውን ያሰማራሉ።

ከእነርሱ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ በልጃቸው አስተርጓሚነት ስለ ኤሊ ጠየቅኋቸው። «በጧት ፀሐይ ትሞቃለች፤ ቀትር ሲሆን ትደበቃለች» አሉና ወደ አንድ ቍጥቋጦ ወሰዱኝ። ከሥሩ ሳፋ የምታህል ኤሊ አፈሩን ጫር ጫር አድርጋ ተጋድማለች። ቴርሞሜትሬን በገላጣው መሬት ላይ ባኖረው 46 ዲግሪ ሆነ፤ ከቍጥቋጦው ሥር ግን 28 ብቻ ነበር። ጣቴን ወደ አፈሩ ባስገባ ላዩ ደረቅ፥ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። በሁለት እርምጃ ውስጥ ሁለት አየር! ኤሊ የምትፈልገው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ሲበርዳት ወደ ሙቀቱ፥ ሲሞቃት ወደ ጥላው የምትሄድበት ስፍራ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ስሰናበታቸው ሽማግሌው «አገራችሁ ብርድ ከሆነ ለምን ወሰዳችኋት?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንደ ተመለስሁ ቤቷን ሠራን። አናጢው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፥ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድና 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፥ ክዳን የሌለው የኮምፔንሳቶ ሣጥን አበጀልን። መስተዋት አላደረግንበትም፤ ኤሊ በመስተዋት ወዲያ ያየችውን መንገድ መስሏት ስትገፋ ትውላለችና። አናጢው የጥድ ፍቅፋቂ እናንጥፍላት ቢልም እንደዚያ ያለ ሽታው የሚያውድ እንጨት ለሳንባዋ ስለማይስማማ እምቢ አልን። በፈንታው ማዳበሪያም ሆነ መድኃኒት ያልነካው አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሞላን፤ ታችኛውን እናረጥበዋለን፥ ላዩ ግን ደረቅ ነው።

በአንደኛው ዳር አምፖል አንጠለጠልን፤ ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ እስከ 35 ዲግሪ ይሞቃል። በሌላው ዳር ሙቀቱ 25 ያህል ነው፤ በዚያ ግማሽ ማሰሮ ደፍተን እርጥብ አፈር አደረግንበት። ይህ የመተሐራው ቍጥቋጦ መሆኑ ነው። በጣም ደረቅ በሆነ ቦታ የምታድግ ግልገል ኤሊ ቅርፊቷ ጕብታ ጕብታ እየሠራ ይበላሻል።

ደግሞም በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን አልትራ ቫዮሌት የተባለውን ጨረር ካላገኘች ቫይታሚን ዲ በሰውነቷ አይሠራም፤ ያለ እርሱም አጥንቷና ቅርፊቷ አይጠነክሩም። የመስኮት መስተዋት ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመለስ ጓደኛ ለዚሁ የተሠራ መብራት እስኪያመጣልን ድረስ ረፋዱ ሲሞቅ ግቢ እናወጣት ነበር፤ ግማሹንም ቦታ በሰሌን አጥልተን እንጠብቃት ነበር። አሁን መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ይበራል።

ምግቧ ሰርዶ፥ ማገጥ፥ እሾሁ የተነቀለ የበለስ ቍልቋልና ለካልሲየም የሚሆን የተፈጨ የእንቍላል ቅርፊት ነው። ወተት የሚያወጣውን ቍልቋል ግን ከቶ አትስጥ፤ መርዝ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለብ ባለ ውኃ፥ ከአገጯ በማያልፍ ጥልቀት ትነከራለች። የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ኤሊ ለሰው በሽታ የሚሆን ተሐዋስ ልትይዝ ትችላለችና።

በጥር ወር አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። «መምህር፥ መብራት ሄዷል፤ ልጅቱስ?» አሉኝ። ብድግ ብዬ ሄድሁ። ዘበኛው በከሰል ውኃ አፍልተው ጠበቁኝ፤ በጠርሙሶች ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን በሣጥኑ ጥግ አኖርን፥ ለአየር ትንሽ ትተን ከላይ ብርድ ልብስ አለበስነው። ያን ጊዜ የሚጠብቀው ሙቀት ነበረውና ብርድ ልብሱ በእውነት ሠራ። ሲነጋ ቴርሞሜትሩ 19 አሳየ።

«ቀስ በቀስ» ስትመጣ 82 ግራም ነበረች፤ በመጋቢት 118 ሆነች። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ደስታ አትታለል። የእርሷ ዘር ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፥ ከ50 ዓመትም በላይ ይኖራል። መምህር ይዛወራል፥ ተማሪ ይመረቃል፤ እርሷ ግን ገና ልጅ ናት። በዘፈቀደ ወስዶ ሜዳ ላይ መልቀቅም አይገባም፤ በሰው ቤት ያገኘችው በሽታ ወደ ዱር ኤሊዎች ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ስለ እርሷ ለዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት አስታውቀን ምክሩን እየጠበቅን ነው።

ስለዚህ በሥራም ሆነ በትምህርት በቆላ መንገድ ስታልፍ ልጆች እንዲህ ያለችውን ኤሊ ቢያቀርቡልህ አትግዛ፤ አንዷን ስትገዛ ሌላዋን እንዲለቅሙ ታዛቸዋለህና። በእጅህ የገባች ካለች ግን አስቀድመህ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ ቀጥሎም ቴርሞሜትር ግዛ። የሽማግሌውን ጥያቄ እኔ እስከ ዛሬ አልመለስሁትም። ያ ካርቶን ይዞ የመጣው ተማሪ ግን በየዓርቡ ሚዛኑን የሚይዝ እርሱ ነው፤ ባለፈው ሳምንትም ወንድሙ ከእንግዲህ ኤሊ እንደማይገዛ ነገረኝ።