በርጩማዋን ገልብጠህ እያት!

ጅማ ሄዶ ቡና ብቻ ሸምቶ የሚመለስ ሰው የዋህ ነው! እኔም እንዲያ ነበርኩ። አጋሮ አክስቴ ቤት፣ «እትዬ፣ ይቺን አሮጌ በርጩማ ጥለው ፕላስቲክ ወንበር ቢገዙስ?» አልኳቸው። «አያትህ የተቀመጡባት ናት፤ ፕላስቲኩ አንተን ራሱ ይችልሃል?» ብለው አሳፈሩኝ።

በማግስቱ ጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን የእንጨት ዕቃዎች ሳይ የአክስቴ በርጩማ ዘመዳቸው መሆኗ ገባኝ፤ ሦስት እግሯ ከነመቀመጫዋ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ሚስማር የማያውቃት!

በእንግሊዝ አገር እነ ጃኮብ ኤፕስታይንና ሄንሪ ሙር በ1910ዎቹና 20ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንጨትና ድንጋይ በቀጥታ እየጠረቡ ዘመናዊ ቅርፃ ቅርፅን ሲያስነሱ፣ የአፍሪካንም ጥርብ ሥራ እያዩ ነበር።

እነሱ መስታወት ውስጥ ያስቀመጡትን እኛ በፕላስቲክ ልንለውጥ? ወዳጄ፣ ቤትህ ያለችውን ከመጣልህ በፊት ገልብጠህ እያት፤ የጠራቢው እጅ ይታይሃል።