ከአያት ለማኅበራችን

አያት፣ አዲስ አበባ

ለተወደዳችሁ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር አባላት፣ ደብረ ማርቆስ

ያረፍኩት አያት፣ እኅቴ ዘንድ ነው። ለዚህ ወር 27 ማኅበራችን እንደማልደርስ ለማኅበሩ መሪ ለሙሴያችን ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ወረቀት ግን ጽዋው ከተነሣ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን እንዲያነቡላችሁ አደራ ብያለሁ።

አያትን ለማታውቁት፣ ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል ወደ ምሥራቅ ስትወጡ የምታገኙት፣ ከጦር ኃይሎች የሚነሣው የከተማ ባቡር የሚያበቃበት ሰፈር ነው። ቪላና ኮንዶሚኒየም ሞልቶታል፤ በየአደባባዩ ገና ግንባታው ያላለቀ አፓርታማ የሚሸጥ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚገኘውም በዚሁ አካባቢ ነው። በቴሌቪዥን ስናየው «እግዚአብሔር ይስጣቸው» ብለን የምናልፈውን ግቢ በዓይኔ ልየው ብዬ ሄድኩ።

ቢኒያም በለጠ የሚባል ሕግ የተማረ ወጣት በ2002 ዓ.ም. መንገድ ላይ የወደቁ አረጋውያንን በቤተሰቡ ቤት ሰብስቦ ማጠብና ማብላት ጀመረ። ዛሬ ማዕከሉ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ከ7,000 በላይ ሰው ይጦራል፤ ሃይማኖት አይለይም፣ ብሔር አይጠይቅም። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለውን መፈክራቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ለማዕከሉ ሕንፃ ማስጨረሻ በቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ከአገር ውስጥም ከውጭም ስንቱ እንደተረባረበ አይታችኋል። ስለ ገንዘቡ ብዙ ተብሏል። እኔ የምነግራችሁ ስለ እጅ ሥራው ነው።

በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስገባ የደረሰኝ የአባቶችን የእግር ጥፍር መቁረጥ ነበር። ለዓመታት ያልተቆረጠ ጥፍር እንደ ቀንድ ይደድርና ይጠማዘዛል፤ በችኮላ ከነኩት ተሰንጥቆ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ቅዳሜዋን ለዚህ ሥራ የሰጠች አንዲት የባንክ ሠራተኛ አሳየችኝ። መጀመሪያ እግሩ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና በያዘ ሳፋ ውስጥ ይነከራል፤ ጥፍሩ እስኪለሰልስ ይቆያል፤ በፎጣ ይደርቃል፤ ከዚያ ከዳር ጀምሮ ትንሽ በትንሽ ይከረከማል። ስኳር ያለበትን ሰው ለነርስ መተው ነው፤ ትንሽ ጭረት እግር ታሳጣለችና። አንድ አባት ጥፍራቸው ከለሰለሰ በኋላም እግራቸውን ከሳፋው አላወጣም አሉ። «ቆይ እስቲ፣ ይሙቀኝ» አሉኝ። ውኃውን እየለወጥን አቆየናቸው። ከጎጃም መምጣቴን ሲሰሙ አገሩን በየወረዳው እየጠሩ ጠየቁኝ፤ በልጅነታቸው ወጥተው እዚህ ከተማ በዘበኝነት ነው ያረጁት። ደመወዛቸውን በእጃቸው እየተቀበሉ ኖሩ፤ ጉልበታቸው ሲዝል ሥራውም ደመወዙም አብሮ ቀረ።

ማታ ስመለስ ከእሳቸው ነገር መላቀቅ አልቻልኩም። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ማግኘት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን የጡረታ ሕግ የወጣለት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ከዚያ በፊት በዘበኝነት ያረጀ፣ በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር ጉልበቷ ያለቀ፣ በቀን ሥራ የኖረ ሰው ተስፋው ልጁ ብቻ ነበር። ልጅ ከሌለ፣ ወይም ልጁም በኪራይ ቤት የሚንገላታ ከሆነ፣ የሚቀረው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። የአእምሮ ሕሙማኑም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ታማሚ ይዞ እስከዚህ ከተማ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላችሁ የደረሰበት አለ። ስለዚህ «ሰነፍ ስለሆኑ ነው መንገድ ላይ የወደቁት» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምጽዋታችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሠራተኞቻችን ጡረታ ሳንከፍልላቸው በእርጅናቸው ጊዜ ሳንቲም ብንጥልላቸው ዕዳችን አይሰረዝም። ከእናንተ ሱቅና ወፍጮ ቤት ያላችሁ፣ ሰው ቀጥራችሁ የምታሠሩ፣ ይህን ነገር አስቡበት።

እንዲህ ያለ ሥራ ባለጸጋ ይፈልጋል የምትሉ ደግሞ አበበች ጎበናን አስታውሱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ወርደው ሕዝቡ በረሃብ ወድቆ አገኙት። የያዙትን ዳቦና ፀበል አካፍለው፣ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያገኟትን ሕፃን ጨምረው ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ልጆቹ ሲበዙ ቤተሰብ ተቃወመ፤ እሳቸው የተደላደለ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ደሳሳ ጎጆ ገቡ። ቆሎ እየቆሉ፣ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ አሳደጓቸው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ እናቴ ብሎ ያለቀሰላቸው ሰው ስፍር ቁጥር አልነበረውም። እሳቸውም ቢኒያምም ከሁሉ አስቀድመው የራሳቸውን ኑሮ አሳነሱ፤ ለሌላው ሰው ቦታ የተገኘው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እዚህ መቄዶንያ ሰርጉን፣ የልጁን ክርስትና፣ የእናቱን ተዝካር ከአረጋውያኑ ጋር ምሳ በመብላት የሚያከብር ሰው ብዙ ነው። እኔ በሄድኩበት ቀንም ሙሽሮች በነጭ ልብሳቸው በየትሪው ወጥ ሲያወጡ አይቻለሁ። አያቶቻችንም ማኅበር ሲጠጡ አስቀድመው የሚያነሡት የነዳያንን ድርሻ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ተራ የደረሰው ሰው ከባለፈው ላለማነስ ይበደራል፤ በዳቦና በጠላው ላይ በግ መጣ፣ በበጉ ላይ ቢራ መጣ፣ ለነዳያን የሚወጣው ትራፊ ሆነ። ይህ ልክ አይደለም። ብድር የፈሩ ሁለት አባላት ከመካከላችን እንደቀሩም ታውቃላችሁ፤ ማኅበሩ ድሀውን ከደጅ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም እያስወጣ ነው።

መቄዶንያ ያገኘኋት አንዲት ነርስ፣ ሰው ልብስና ምግብ ያመጣል፤ የአዋቂ ዳይፐር፣ ሳሙናና በረኪና የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው ብላኛለች። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቆዳው እንዳይቆስል በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፣ ይጠባል፣ ይለወጣል። ከተማችን ውስጥም እንዲህ ሆነው በየጓዳው የተኙ አሉ፤ አስታማሚዎቻቸው እንቅልፍ አጥተዋል።

የሚቀጥለው ወር ተራ የእኔ ነው። የማቀርበው ዳቦና ጠላ ብቻ ነው፤ በግ ልገዛበት የነበረውን ብር ለሳሙናና ለዳይፐር አደርገዋለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሦስት ሰዎችን ነው። ስማችሁን ዛሬውኑ ለሙሴያችን አስመዝግቡልኝ።

ወንድማችሁ