ስለ ሰፈርና ስለ ዕድር

የከተማው አስተዳደር መንገድ በሚያሰፋበትና አሮጌ ሰፈሮችን በሚያድስበት በዚህ ዘመን፥ በየካ ተራራ ግርጌ የምንኖር እኛም አንድ ጉዳይ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናመለክት ወደድን። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ የዕድር ነገር ነው።

የእንጦጦና የየካ አገር ሰው ሲሰፍርበትና ሲለቀው የኖረ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲደፉ፥ ከተማው ከብርዳሙ ተራራ ወደ ፍል ውሃ ሜዳ መውረድ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላም ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በከተማው ምሥራቅ ቦታ ስለ ተሰጣቸው፥ በዙሪያቸው የተሠራው ሰፈር በስማቸው ተጠርቶ ቀረ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምንለው እንዲህ የመጣ ስም ነው። ማገዶ አልቆ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ሳለ፥ ጥቂት ቀደም ብሎ የገባው ባሕር ዛፍ እየበዛ ሄዶ ሰውን በቦታው አጸናው። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱት ሴቶች ስንቱን ቤት እንጀራ እንዳስጋገሩ የሚቈጥር የለም። ይህን በመንገዳችን ላይ ጠቀስነው እንጂ ወደ ነገራችን እንመለስ።

ሰፈር ማለት ከጥንት የጦር ሰፈር ነው። መኰንኑ በመካከል፥ ጭፍራውና አሽከሩ በዙሪያው ይሰፍር ነበርና፥ በአዲስ አበባ ባለጠጋና ድኻ አጥር ለአጥር ተያይዘው መኖራቸው ከዚያ የመጣ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፥ ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ድኻውን አስጠለለ፤ ነገር ግን ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አላስገኘም፤ ቤቱም አረጀ። ጣራው በሚያፈስ፥ መጸዳጃው ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ በሆነ ግቢ ውስጥ ልጅ ካሳደጉት መካከል ሰፈሩ አይነካብኝ ብሎ የሚከራከር ብዙ አይደለም፤ እኛም አንከራከርም።

ዳሩ ግን በነዚያ ቤቶች መካከል በመንግሥት መዝገብ ያልገባ ሀብት አለ። የዕድራችን ንብረት አንድ ትልቅ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበሮች፥ የብረት ድስቶች፥ ሳሕኖችና አንድ ጥሩምባ ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊው ገና ሳይነጋ ጥሩምባውን እየነፋ በየመንደሩ ያልፋል፤ ማን እንደ ሞተ፥ ቀብሩም በየካ ሚካኤል ወይም በሌላ ደብር መሆኑን ይናገራል። ፀሓይ ሳትወጣ ድንኳኑ ይተከላል፤ ሴቶቹ እንጀራውንና ወጡን ይዘው ይመጣሉ፤ ኀዘንተኛው ሦስት ቀን ሙሉ እሳት ማንደድ አያሻውም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር የሚገኙበት ሰፈርም ብዙ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የጥሩምባው ድምፅ እስከሚደርስበት ድረስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን በቀበና ዳር የነበረው ቤታቸው ስለ ተነሣ፥ በአያት ማዶ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤት ደረሳቸው። ቤቱን አይተን ደስ አለን፤ ውሃው በቧንቧ ከቤት ይገባል፥ መጸዳጃው የራሳቸው ነው፤ እሳቸውም መረቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ግን ጥሩምባ አልተነፋም። በአዲሱ ሕንፃ ሰዉ በዕጣ የተገናኘ ስለ ሆነ ገና በቅጡ አልተዋወቀም ነበር፤ የኛም ዕድር ወሬውን የሰማው ረፋድ ላይ በስልክ ነው። ድንኳኑን በኪራይ መኪና ጭነን ስንደርስ፥ ልጃቸው እያለቀሰች ራሷ ለመጣው ሰው ቡና ስታፈላ አገኘናት። ከኛ ጋራ የመጡ አንዲት ባልቴት ምንም ሳይናገሩ ጀበናውን ከእጅዋ ወስደው ወደ ውስጥ ገቡ።

እንግዲህ ለሹማምንቱ የምናመለክተው ይህን ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት በዕጣ የሚታደል ነው፤ ዕጣ አድልዎን ይከለክላል፥ ይህም መልካም ነው፤ ጎረቤትን ግን ይበትናል። ሕንፃዎቹን ያሰቡት ሰዎች ለእርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት ጨምረው ማሠራታቸው የአገሩን ልማድ እንዳልዘነጉ ያሳያል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ተነሺዎች ቦታቸውን ከመልቀቃቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ያዛል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ሲጀመርና ከአራት ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ፥ ባለሥልጣኖቹ የተነሺዎች ማኅበራዊ ኑሮ እንዳይፈርስ በአንድነት ይሰፍራሉ ሲሉ ሰምተናል። ቃሉ መልካም ነው። የሚጸናው ግን ቤት ቈጣሪው በመጣ ጊዜ ከቤቱ ቊጥር አጠገብ የዕድሩን ስም የጻፈ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ዕጣው በየሰዉ መሆኑ ቀርቶ በዕድር ይወጣል፤ ትንሹ ዕድር አንድ ሕንፃ፥ ትልቁም የተቀራረቡ ሁለትና ሦስት ሕንፃዎች ይደርሱታል፤ ድንኳኑን የሚያስቀምጥበት አንድ ክፍልም ከጋራው ቤት ይሰጠዋል። ከጎረቤት ወሬ መራቅ የሚወድ ቢኖር እሱ በራሱ ዕጣ ይሂድ። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ ያለ አይመስለንም፤ የዕድር ዳኞች በአንድ ሌሊት ጽፈው ያቀርባሉ።

የኛ ዕድር እስከዚያው ድረስ የራቁት አባሎች ስም ከመዝገብ እንዳይፋቅ ወስኗል። ወርኃዊ መዋጮአቸውን በቴሌብር ይልካሉ፤ ለፋፊውም መንደሩን ዞሮ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲጨርስ፥ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የራቁትን በየስማቸው በስልክ ይጠራል። የስልኩን ሒሳብ የሚከፍልለት ዕድሩ ነው።